ያልተከፈተው ካምቢዮ

«አውቶማቲክ ካምቢዮ ሬሳ ነው፤ አንዴ ከወደቀ አይነሣም!»

ይህን አባባል በልጅነቴ የሰማሁት ከአባቴ አፍ ነው። አባቴ መካኒክ ነበር። ከፊያት እስከ ፔጆ፣ ከላንድሮቨር እስከ መርሴዲስ እጁ ያልገባበት ሞተር አልነበረም። ካምቢዮ መፍታትማ ለእሱ ሽንኩርት እንደ መላጥ ያለ ሥራ ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ የሆነ እንደሆነ ግን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ገለል ይላል። ባለመኪናው ቢለምነው፣ ገንዘብ ቢጨምርለት አይሰማም። «ጌታዬ፣ ይህን አውጥተው ይጣሉና ባለ ፍሪሲዮኑን ያስገቡ። እኔ ሬሳ አልገንዝም» ብሎ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ካምቢዮዬን ለገጣፎ ላስከፍት ነውና አብረን እንሂድ» ባለኝ ጊዜ፣ እንደ ቀብር አስተዛዛኝ ልቆጠር ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። መኪናዋ ከእሱ በዕድሜ የምትስተካከል መርሴዲስ 300 ኢ ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር፣ ወደ 190 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ሞተር አላት። ልጁ ፍጥነት ይወዳል፤ ሞተሩንም አሳድሷል። አንድ ቀን ማለዳ ግን መኪናዋ ወደ ኋላ እየሄደች ወደ ፊት አልሄድም አለች። እሱም ማስጠገኑ ብቻ አልበቃውም፤ «ከፋብሪካ ከወጣችበት አጠንክሬ ነው የማሠራት» ብሎ ተነሣ።

እነሆ በለገጣፎው ጋራዥ ደጃፍ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ያየሁት ነገር፣ ስለ አገራችን የእጅ ሙያ ታሪክና ስለ ራሴም ቤት ታሪክ መለስ ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ስለ አንድ ካምቢዮ ብቻ አይምሰልህ።

መኪናውና አዋጁ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መመለስ ግድ ይለናል። የአርመን ተወላጁ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ያለው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስቀድሞ አዲስ አበባን አስደንቆ ነበር። ዛሬ መኪና የምንለው ግን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪናውን ከባሕር ጠረፍ አስነሥቶ፣ መንገድ ባለበት እየነዳ፣ በሌለበት እያስጎተተ ከንጉሠ ነገሥቱ ደጅ አደረሳት። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጣ። አዲስ ነገር የማይፈሩት ምኒልክ በመኪናው ተሳፍረው ተዝናኑ።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሌላም ነገር አድርገዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ በጠቅላላው በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው በሙያው ስም እየጠሩ መስደብ ያስቀጣል የሚል አዋጅ አስነገሩ። ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታውሰው፣ ሠራተኛን መናቅ አገርን ያለ ሠራተኛ እንደሚያስቀር ሕዝባቸውን ገሠጹ።

እንግዲህ ልብ በሉ። መኪናው የገባበትና ባለ እጁ እንዳይሰደብ የታወጀበት ዓመት አንድ ነው። መኪናው በአዋጅ አልነበረም የመጣው፤ ሆኖም ዛሬ ከተማውን ሞልቶታል። አዋጁስ? በወረቀት ላይ ስድቡ ቀረ። በልባችን ውስጥ መቅረቱን ግን እጠራጠራለሁ። የምጠራጠረውም ከሩቅ ምስክር ፈልጌ አይደለም። እኔው ራሴ በትምህርት ቤት ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» የሚለው ጋ ስደርስ «ነጋዴ» ብዬ እጽፍ ነበር። አባቴ ምሽት ላይ ጥፍሩ በዘይት ጠቁሮ ሲገባ፣ ጓደኞቼ እንዳያዩት በር እቀድም ነበር። ይህ የሆነው አዋጁ ከታወጀ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው።

ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ቀረ

አባቴ ሙያውን የቀሰመው በ1940ዎቹ ነው። ከአምስቱ የወረራ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ከቀሩት ጣሊያኖች በአንዱ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አቀባይ ሆኖ ገባ። ደመወዙ ምሳና የአሮጌ ቱታ ልብስ ነበር። ትምህርቱ ግን እንደ ድጓ ቤት ትምህርት ነው፤ ጌታው ይጠራል፣ ልጁ ያቀብላል፤ ከተሳሳተ ኩርኩም ይቀምሳል። «ካቻቢቴ!» ሲባል ካቻቢቴ፣ «ፒንሳ!» ሲባል ፒንሳ። እንዲህ እያለ የመኪናውን አካል በሙሉ በስሙ አወቀው።

ዛሬም ቢሆን በማናቸውም ጋራዥ ደጃፍ ቆማችሁ ብታዳምጡ የምትሰሙት ይህንኑ ቋንቋ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባልሥትራ፣ ሰልባትዮ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ማርሽ ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ወራሪው በጀግኖቻችን ደም ተባረረ፤ ቃሉ ግን በመካኒኮቻችን ምላስ ላይ ተማርኮ ቀረ። ተማርኮ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቃሉን የያዙት ሰዎች ነገሩንም ያዙት። ስም ያለውን ነገር ሰው ይጠራዋል፤ የጠራውን ይፈታዋል፤ የፈታውን ይገጥመዋል። አባቴ ጣሊያንኛ ማንበብ ቀርቶ በአማርኛም የሚጽፈው ስሙን ብቻ ነበር። ነገር ግን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥም ነበር፤ እያንዳንዱ ጥርስ፣ እያንዳንዱ ኩሽኔታ በአእምሮው ውስጥ ስምና ቦታ ነበረውና።

ከነጻነት በኋላ ተግባረ እድን የመሰሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገዱ ሲረዝም መኪናው በዛ፤ መኪናው ሲበዛ ጋራዡ በዛ። የአብዛኛው ጋራዥ ትምህርት ግን ያው የካቻቢቴና የኩርኩም ትምህርት ሆኖ ቀጠለ።

ፍሪሲዮን የሌለው መኪና

በዚህ መካከል ነው በጣሊያንኛው መዝገብ ውስጥ ስሙ የሌለ ነገር የመጣው።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ አባቱ መርከብ ነው ቢባል ማን ያምናል? እ.ኤ.አ. በ1905 ሄርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የመርከብን ሞተር ጉልበት በጥርስና በብረት ሳይሆን በፈሳሽ አማካይነት ወደ መርከቡ መቅዘፊያ ለማስተላለፍ የሚያስችል ፈጠራ አስመዘገበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ቬንቲሌተሮች ፊት ለፊት ይቀመጡና አንደኛው ይከፈት፤ ሁለተኛው ሳይነካ በነፋሱ ብቻ መዞር ይጀምራል። በነፋሱ ምትክ ዘይት አስገቡበት፣ ሁለቱንም በአንድ የብረት ቅል ውስጥ ዝጉባቸው። ያን ጊዜ ሞተሩ ሲዞር ዘይቱ ይገፋል፤ ዘይቱ ሲገፋ ጎማው ይዞራል። መኪናው ሲቆም ደግሞ ዘይቱ በዘይት ላይ ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩ አይጠፋም። የፍሪሲዮን ፔዳል ሥራ እዚህ ላይ አበቃ።

ማርሹን የሚቀይሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው። በመካከል «ፀሐይ» የሚባል ጥርስ አለ፤ በዙሪያው «ፕላኔት» የሚባሉ ትንንሽ ጥርሶች ይዞራሉ፤ ሁሉንም «ቀለበት» ይከባቸዋል። ከሦስቱ አንዱን ጨብጠው ሲያቆሙት የቀሩት ፍጥነታቸው ይለወጣል። የሚጨብጡት በዘይት ግፊት የሚታዘዙ፣ ሸራ የለበሱ ዲስኮችና እንደ መቀነት የሚጠብቁ ባንዶች ናቸው። ትእዛዙን የሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ የሚሉት፣ እንደ ምስጥ ቤት ውስጡ የተቦረቦረ ብረት ነው።

ይህን ሁሉ አገጣጥሞ በብዛት ለገበያ ያወጣው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 «ሃይድራማቲክ» ብሎ የሰየመውን ካምቢዮ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪናዎች አቀረበው። ወዲያው ጦርነቱ መጣና ካምቢዮው በቀላል ታንኮች ሆድ ውስጥ ተገጥሞ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ ሮልስ ሮይስ ሳይቀር ፈቃዱን ገዝቶ በመኪናዎቹ ውስጥ አስገባው።

ወደ እኛ አገርም የመጣው በአሜሪካኖች በኩል ነው ማለት ይቻላል። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ከተፈራረሙት የመከላከያ ስምምነት በኋላ ለጦር ሠራዊታችን ከተሰጡት መሣሪያዎች መካከል ኤም 41 የተባለው ታንክ ይገኝበታል። የዚህ ታንክ ካምቢዮ የአሊሰን ሥራ ሲሆን፣ ጉልበቱን በዘይት የሚያስተላልፍ፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ነው። በከተማውም የኤምባሲዎች፣ የመኳንንትና የባለጸጎች ሸቭሮሌትና ካዲላክ ይኸንኑ ዓይነት ካምቢዮ ይዘው መጡ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አስተውሉ። ታንከኛው አስተማሪና መመሪያ መጽሐፍ ነበረው። የከተማው መካኒክ ግን ማንም አላስተማረውም። የጣሊያኑ ጌታው ራሱ አያውቀውም ነበር። ስም የሌለው ብረት፣ ቀይ ዘይት የሚያለቅስ ብረት ሆኖ ፊቱ ቀረበ። ስለዚህ ምን አደረገ? ፈራው። ፍርሃቱንም አባባል አደረገው፤ «ሬሳ ነው» አለ።

ጣርማበር ላይ

አባቴ ግን ሳይሞክር አልነበረም የፈራው። በ1963 ዓ.ም. አንድ የደሴ ነጋዴ ሸቭሮሌት ኢምፓላ ገዝቶ ኖሮ፣ ወደ ደሴ ሲመለስ አባቴን «መንገዱን ታውቀዋለህና አብረኸኝ ውረድ፤ አንተው ንዳልኝ» አለው። በዛሬዋ ለገጣፎ በኩል ወጥተው፣ ሰንዳፋንና ሸኖን አልፈው፣ ደብረ ብርሃን ምሳ በልተው ጣርማበር ደረሱ።

የጣርማበርን ዋሻ የማያውቅ የወሎ መንገደኛ የለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው፣ ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትርን የሚያልፍ ዋሻ ነው። ከዋሻው እንደወጡ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። ደብረ ሲና ከታች ናት፤ ከሷም ታች ሸዋ ሮቢት ቆላው ውስጥ ናት። ያን ቁልቁለት ሾፌሮች በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኹ ነው የሚወርዱት። ፍሬን ላይ ብቻ የሚተማመን ሰው ደብረ ሲና ሳይደርስ የፍሬኑን ሸራ አቃጥሎ ይጨርሰዋል።

አባቴ ማርሹን «ዲ» ላይ እንዳደረገ ወረደ። ሌላ ምን ያድርግ? መኪናው ማርሹን ራሱ ይቀይራል ብለው ነግረውታል። መኪናው ግን ቁልቁለቱን ሲያገኝ ከፍተኛውን ማርሽ ይዞ ፈረጠጠ። ፍሬን ያዘ፤ አሁንም ያዘ፤ ሽታው መጣ፤ ጢሱ ተከተለ፤ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ሰመጠ። በእጅ ፍሬኑ እየጎተተ፣ የመኪናዋን ጎን ከተራራው ድንጋይ ጋር እያፋተገ አቆማት። ሁለቱም ተረፉ። ነጋዴው ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ለአባቴ በግ ይልክለት ነበር። አባቴ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶማቲክ ካምቢዮ አልነካም።

ኢምፓላዋ ተጎትታ መጥታ ለጎኗና ለፍሬኗ ጥገና በአባቴ ጋራዥ ሁለት ወር ቆመች። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ማንም ሳያየኝ ገብቼ መሪዋን ይዤ እጫወት ነበር። በዳሽቦርዷ ኪስ ውስጥ ሥዕል ያለበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሥዕሎቹን አየኋቸው። መልሼም አስቀመጥኩት።

የችግር ዘመን፣ የብልኃት ዘመን

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ለመኪናም ዘመነ ፍዳ ነበር። የቅንጦት መኪና ማስመጣት ቆመ። ቤንዚን በኩፖን ሆነ። መለዋወጫ እንደ መድኃኒት ይፈለግ ጀመር። የድሮዎቹ አሜሪካውያን መኪናዎች አንድ በአንድ ካምቢዮአቸው እየተነቀለ የፔጆ ወይም የፊያት ካምቢዮ ገባላቸው፤ ወለላቸው ተበስቶ የፍሪሲዮን ፔዳል ተበየደላቸው። አባቴም ከነዚህ «ማርሽ ቀያሪዎች» አንዱ ነበር። ይህም ታላቅ ብልኃት ነው፤ አላቃልለውም። መሐንዲሱ ያላሰበውን ሁለት አካል አጋብቶ መንገድ ማስወጣት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ብልኃቱ ፍርሃቱን አዙሮ አለፈው እንጂ አላሸነፈውም። የተነቀሉት ካምቢዮዎች ሳይከፈቱ ለብረት ገዢ ተሸጡ። አባቴ በ1982 ዓ.ም. ሲያርፍም አንዱንም ከፍቶ ሳያይ ነው።

ፍርሃቱን ያሸነፈው ዕውቀት ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አስቀድሞ ያሸነፈው ገበያው ነው። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ያገለገሉ መኪናዎች በብዛት መግባት ጀመሩ። ኋላም ቪትዝና ያሪስ የሚባሉት ትንንሽ ቶዮታዎች ከተማውን ሲያጥለቀልቁ አብዛኞቹ አውቶማቲክ ነበሩ። በመጀመሪያ ገዢው ሁሉ «አውቶማቲክ ከሆነ ዋጋ ቀንስ» ይል ነበር። የመኪና ዋጋ በቀረጥ ላይ ቀረጥ ተጨምሮበት ሰማይ ሲነካ ግን መጣል የማይቻል ሆነ። በተለይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችው መኪና እንደ ቤት ትቆጠር ጀመር። ቤቱ ቢያፈስ ማን ይጥለዋል? ይጠግነዋል እንጂ። ስለዚህ አንድ ሁለት ደፋሮች ካምቢዮውን ከፈቱት።

ለገጣፎ

ለገጣፎ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ፣ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። አዲስ አበባን ውኃ የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ ጎረቤቷ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆነች። አባቴና ነጋዴው ሲያልፉባት የጤፍ ማሳ የነበረው ዛሬ ቪላና ፎቅ ነው፤ በፎቁ ኋላ ደግሞ የመሬት ኪራይ ከአዲስ አበባ ያባረራቸው ጋራዦች ተሰልፈዋል።

ባለሙያው በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሦስት ልጆች ያሠለጥናል። እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ይነጋገራሉ፤ ለደንበኛው በአማርኛ ይመልሳሉ፤ ዕቃ ሲጠራሩ ግን «ካቻቢቴ»፣ «ኩሽኔታ» ነው። ይህን ስሰማ አባቴ ከመቃብር የተጣራ ያህል ሆነብኝ።

ዘይቱን አስቀድሞ አፈሰሰው። አዲስ ሲሆን ቀይ የሆነው ዘይት ቡና አተላ መስሎ ወረደ። ጣቱን ነክሮ አሸተተና ለእኔ ዘረጋልኝ። «ሽታውን ይዩት ጋሼ፣ የተቃጠለ ሸራ ነው» አለኝ። ከዚያም ካምቢዮውን አውርዶ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ አንጋለለው፤ ፓምፑን፣ ከበሮዎቹን፣ ባንዶቹን እያወጣ በተራ ደረደረ። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈ ካርቶን አለ፤ በካርቶኑም ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በእርሳስ ተሥሏል። ከቫልቭ ቦዲው የሚወጡት እንደ ሽምብራ ያሉ የብረት ኳሶችና ስፕሪንጎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክብ አላቸው። «አንዷ ኳስ ቦታዋን ከሳተች ሦስተኛ ማርሽ ላያገኝ ይችላል» አለኝ።

በሽታው ተገኘ። በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ማርሽ ድረስ መጨበጥ ያለበት አንድ ባንድ አለ። ባንዱን የሚገፋው ፒስተን ተሰብሯል። ለዚህ ነበር መኪናዋ ወደ ኋላ እየሄደች ወደ ፊት እምቢ ያለችው፤ የኋላ ማርሽ ያን ባንድ አይፈልግምና። «ይህ የታወቀ ሕመሙ ነው» አለ ባለሙያው። «ፒስተኑ ብቻ ቢሆን ካምቢዮውን ሳላወርድ በጎኑ ከፍቼ እቀይረው ነበር። ዘይቱ ተቃጥሎ፣ ልጁም ጉልበት ጨምርልኝ ስላለ ነው ሁሉንም የፈታሁት።»

ጉልበት መጨመር ሲባል ካምቢዮ ጉልበት የሚፈጥር እንዳይመስላችሁ። የሞተሩን ጉልበት ሳያንሸራትት እንዲይዝ ማድረግ ነው። ዲስክ ሲንሸራተት ይግላል፤ ሲግል ዘይቱ ይቃጠላል፤ ዘይቱ ሲቃጠል ሸራው ይላጣል። ስለዚህ ባለሙያው ሦስት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ይኸው የካምቢዮ ዝርያ በስምንት ሲሊንደር መርሴዲሶችም ላይ ይገጠማልና፣ ከተጋጨ ኤስ ክላስ የወጣውን ከበሮ ብዙ ዲስክ እንዲይዝ አድርጎ አስገባው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በፖርሽ እጅ የተሠራችው ዝነኛዋ 500 ኢ፣ 326 የፈረስ ጉልበቷን የተሸከመችው በዚሁ ዝርያ ካምቢዮ ነበር። ሁለተኛ፣ ፋብሪካው ኋላ ያሻሻለውን ፒስተን ተካው፤ አንዳንዶቹንም ስፕሪንጎች በጠንካራ ለወጠ። ሦስተኛ፣ ከራዲያተሩ ፊት ሰፋ ያለ የዘይት ማቀዝቀዣ ጨመረ። «ከእንግዲህ ማርሽ ስትቀይር ትንሽ ትመታሃለች» አለው ለእህቴ ልጅ። «ለስላሳነትና ጥንካሬ አብረው አይሄዱም።»

አዳዲሶቹን ዲስኮች በዘይት ነክሮ አሳደራቸው። በማግሥቱ እየደረደረ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በስስ ብረት ለካ። ጎሚኒዎቹን ሁሉ ለወጠ። እያንዳንዱን ከበሮ በገጠመ ቁጥር በዘይቱ ቀዳዳ የአየር ግፊት ይሰጠዋል፤ «ጧ» ብሎ ከጨበጠ ልጆቹ ፈገግ ይላሉ፤ «ፍስስ» ካለ እንደገና ይፈታል። የዘይት ቅሉን ግን ራሱ አልነካውም። እሱ የተበየደ ስለሆነ በቶርኖ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ተበይዶ ሚዛኑ መስተካከል አለበት፤ ለዚያ የሚሆን ቶርኖ ቤት ላከው።

ከሁሉ የገረመኝ የመጨረሻው ነገር ነው። ይህ ካምቢዮ የሞተሩን ጭነት የሚያውቀው ከሞተሩ በሚመጣ ቀጭን የአየር ቱቦ ነው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን ባዶነት ይለካል። ለገጣፎ ደግሞ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ የባዶነቱ መጠን ያንሳል፤ ካምቢዮው ጭነት የበዛበት ይመስለዋል፤ ማርሹንም ያለ ልክ እያጠነከረ ይመታል። ጀርመናዊው መሐንዲስ የሠራውን ልክ ባለሙያው በአንዲት ቁልፍ ለለገጣፎ አየር መልሶ ቃኘው። እንደ በገና ደርዳሪ ሩብ ዙር ያዞራል፣ ይነዳል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይመልሳል።

«ይህን ከየት ተማርከው?» አልኩት።

«መጀመሪያ ከተጣለ ካምቢዮ፤ ሦስቱን አበላሽቻለሁ። ኋላ ከመመሪያ መጽሐፍ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ታላቅ እህቴ አስተማሪ ነበረች፤ ማታ ማታ እያነበበች ትተረጉምልኝ ነበር። አሁንማ ልጆቹ ከዩቲዩብ ያያሉ።»

ይህን ሲል ለምን እንደሆነ ሳላውቅ የጣርማበሩን ታሪክ አጫወትኩት። ጸጥ ብሎ ሰማኝና «ማርሹ ላይ ምን ምን ፊደል ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። እሑድ እሑድ እጫወትበት ነበርና አልረሳሁትም። «ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤል» አልኩት።

«ኤል ነዋ!» አለ ባለሙያው። «ኤል ዝቅተኛው ማርሽ ነው። ወደ ኤል ቢያመጡት ኖሮ ሞተሩ ይይዝላቸው ነበር። እንደ ሁለተኛ ማርሽ ማለት ነው።»

ብዙ ዝም አልኩ። አባቴ አንዲት ፊደል ስላልተነገረው ነበር ያንን ብረት ሬሳ ያለው። ፊደሏ በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ በነበረው መጽሐፍ ላይ ተጽፋ ነበር። መጽሐፉን ማንበብ የሚችል ልጅ በቤቱ ነበረው። ልጁ በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር፤ የአባቱን ሥራ ግን «ነጋዴ» ብሎ ይጽፍ ነበር። አባቴ እንዳነብለት አልጠየቀኝም፤ እንደማፍርበት ያውቅ ነበርና። እኔም አላነበብኩለትም።

የባለሙያው እህት ያደረገችው እኔ ያላደረግሁትን ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አዲሱ ሬሳ

መኪናዋን ወደ ሰንዳፋ ወስደን ሞከርናት። ማርሽ በቀየረች ቁጥር ጀርባችንን ገፋ ታደርገናለች። ባለሙያው «500 ኪሎ ሜትር እስክትሄድ እንዳትረግጣት» ብሎ ቢያስጠነቅቀውም፣ የእህቴ ልጅ በመልሱ ላይ አንድ ጊዜ ረገጣት። ተቆጣሁት፤ በልቤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አንዲት ትንሽ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ «እስቲ ማርሹን ወደ ሁለት አምጣው» አልኩት። አመጣው። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋም እንደ ተገራ በቅሎ ፍሬን ሳትነካ ተይዛ ወረደች።

ወደ ጋራዡ ስንመለስ ደጃፉ ላይ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ቆማ ልጆቹ ከበዋታል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉት በዝተዋል። እነዚህ በጠቅላላው ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ የላቸውም። አንዱ የቆመ ሰው «የነዚህ ባትሪ ካለቀ አበቃ፤ ሬሳ ነው፤ አይከፈትም» አለ።

ቃሉን አወቅሁት። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አሮጌ ቃል ነው፤ ሰውየው ግን ዛሬ ያወጣው መስሎታል። ባለሙያው መልስ አልሰጠውም። ከሦስቱ ልጆች ታናሹን ጠርቶ «መጽሐፉን ከውስጥ አምጣው፤ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?» አለው። ልጁ አገላብጦ «ቻይንኛ ነው» አለ።

«እንግዲያው የሚያነብልን ሰው እንፈልጋለን» አለ ባለሙያው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

አባቴ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ገለል ለማለት ነበር። ይህ ሰው ለመጀመር ነው። እኔ ቻይንኛ አላውቅም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ቻይንኛ የሚማር ልጅ ካለ፣ ጥፍሩ በጠቆረ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ ገጽ ያንብብለት። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ በአገሩ ሁሉ ባይሞላ፣ በዚያች ጋራዥ ደጃፍ እንኳ ይሞላል።

ቸር ይግጠመን።